የጥርስ ሕክምና በቆቦና በራያ ቆላ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው ቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ገጠር፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው መንቀል ነው። የሙያው ዋና ሥራ ግን ማዳን ነው፤ እጥበት፣ ሙሌት፣ ነርቩ ለተጎዳ ጥርስ ደግሞ የሥር ሕክምና። ጥርስ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ትይዩው ይረዝማል፣ ማኘክም ይዛባል። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ገበሬ ለሥር ሕክምና መመላለስ አይችልም የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ሆኖም ተቃውሞው የሚሠራው ሕመሙ ነርቭ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ በአንድ ቀጠሮ ይሞላል። ስለዚህ ሳይታመሙ መታየት ለሩቅ ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። የወይራ መፋቂያ ይበቃል የሚሉም አሉ። መፋቂያ በእርግጥ ያጸዳል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አጠቃቀሙን ደግፏል፤ የተቦረቦረውን ግን አይመልስም።

ከሁሉ የሚያሳስበው በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚፈጸመው የሕፃናት ግግ ማስወጣት ነው። ሊበቅል የተቃረበ የወተት ክራንቻ ድዱን ሲያሳብጥ፣ በዚያው ዕድሜ የሚመጣው ተቅማጥና ትኩሳት በእርሱ ይሳበባል፤ ጥርሱም ባልጸዳ ስለት ይወጣል። ደም መፍሰስና መመረዝ ሊያስከትል፣ ከሥሩ የሚያድገውንም ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው ተጨንቀው ነው፤ ተቅማጡ የሚፈልገው ግን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማድ የሚደርስ የአካል ጉዳትን ያስቀጣል።