ታርጋ፣ ፍሬቻ፣ ቴስታታ፤ የስፖርት መኪና ስያሜዎችና የአማርኛ የጋራዥ ቃላት የጋራ ታሪክ

«ታርጋ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የከተማ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል። ይኸው ቃል በአውሮጳ የስፖርት መኪና ወዳጆች ዘንድ ሲነሣ ግን የሚያስታውሰው የመለያ ቁጥርን ሳይሆን አንድ ውድድርንና አንድ የመኪና ዓይነትን ነው። በኢጣልያንኛ «ታርጋ» ማለት ሰሌዳ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ቪንቼንዞ ፍሎሪዮ የተባለ የሲሲሊ ባለጸጋ በማዶኒዬ ተራሮች ላይ የመኪና እሽቅድምድም ሲያቋቁም፣ ውድድሩ በሽልማቱ ሰሌዳና በመሥራቹ ስም «ታርጋ ፍሎሪዮ» ተባለ። በዚህ ውድድር ደጋግሞ ያሸነፈው የጀርመኑ ፖርሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ጣራው የሚነሣ፣ ከመቀመጫው በስተኋላ ሰፊ የብረት ቅስት ያለው የ911 ዓይነት ለሕዝብ ሲያሳይ፣ የውድድሩን መታሰቢያ አድርጎ «ታርጋ» ሲል ሰየመው። እንዲህ አንዱ ቃል ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ፣ በአንድ በኩል በትራፊክ ፖሊስ መዝገብ፣ በሌላ በኩል በውድድር ታሪክ ውስጥ ገባ።

ስለ ቀድሞ የስፖርት መኪናዎች የተጻፉ የውጭ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ፣ ብዙውን ጊዜ ቋንቋው ለዚህ ጉዳይ ባዶ እንደ ሆነ ያስባል፤ ስለዚህም አዲስ ቃል ለመፍጠር ይቸኩላል። ይህ ጽሑፍ ግን አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አለመሆኑን፣ ቃላቱም የት እንዳሉና በምን መንገድ እንደ መጡ ለማሳየት ይሞክራል። ከዚያም እነዚሁ ቃላት ሳይመዘገቡ እንዳያልፉ የሚያሰጋውን ምክንያት ያመለክታል።

1. ቃላቱ በየት በኩል መጡ

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ በእንፋሎት ወይም በሞተር ኃይል ለሚሠሩ ልዩ ልዩ ነገሮች «ባቡር» የሚለው ስም ያገለግል ነበር፤ «የምድር ባቡር» እና «የወፍጮ ባቡር» የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ይታወሳል። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ፈረንሳይኛ የትምህርትና የውጭ ግንኙነት ቋንቋ ሆኖ ስለ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ የመኪና ቃላት በዚሁ ቋንቋ በኩል ገቡ። «ሹፌር» እና «ጋራዥ» የዚህ ንብርብር ቅሪቶች ናቸው። «ሹፌር» በፈረንሳይኛ በመሠረቱ የእንፋሎት ሞተርን እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ነበር፤ ሥራው ሲለወጥ ስሙ ቀረ።

ሁለተኛውና ወፍራሙ ንብርብር የኢጣልያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን በርካታ የጭነት መኪናዎች ገቡ፤ ከድልም በኋላ በአገር የቀሩ ኢጣልያውያን ባለሙያዎች ጋራዥ ከፍተው ኢትዮጵያውያን ረዳቶችን ይዘው ሠሩ። ስለዚህ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ጋቢና፣ ፍሬቻ፣ ታርጋ፣ ቦሎ የሚሉትን ቃላት ያስገቡት ጸሐፍትና መምህራን አይደሉም፤ እጃቸው በግራሶ የተነከረ ሠራተኞች ናቸው። ቃላቱ በጆሮ ተሰምተው በአፍ ተለማመዱ እንጂ ከመጽሐፍ አልተቀዱም።

የድምፅ ለውጣቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። በኢጣልያንኛ በ«ኣ» የሚያልቁ ስሞች አብዛኞቹ መጨረሻቸውን ጠብቀዋል፤ ጎማ፣ ታርጋ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በ«ኦ» ከሚያልቁት ግን አንዳንዶቹ አናባቢውን ጥለዋል፤ «ፍሬኖ» ፍሬን፣ «ኮፋኖ» ኮፈን ሆኗል። «ካምቢዮ» እና «ቦሎ» እንደ ነበሩ ቀርተዋል። «ማርቻ» ማርሽ፣ «ካቢና» ጋቢና፣ «ኩሺኔቶ» ኩሽኔታ ሲሆኑ ደግሞ ጆሮ የሠራውን ሥራ እናያለን። ትርጉምም አብሮ ዞሯል፤ ጋቢና በኢጣልያንኛ የነጂው ክፍል በጠቅላላው ሲሆን፣ በአማርኛ በተለይ ከሹፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ያመለክታል። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት የስፖርት መኪና እንግዲህ ተሳፋሪዋን ሁሉ ጋቢና የምታስቀምጥ ናት።

ምንጩ በቀላሉ የማይለይ ቃልም አለ። «መኪና» ከኢጣልያንኛው «ማኪና» ጋር መዛመዱ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ቃሉ በዐረብኛም ስላለ በዚያ በኩልም ሊገባ ይችል ነበር። «የስፌት መኪና» እና «የጽሕፈት መኪና» የሚሉት አባባሎች እንደሚያሳዩት፣ ትርጉሙ መጀመሪያ ማንኛውም የተገጣጠመ መሣሪያ ነው። «ሊብሬ» ደግሞ ከፈረንሳይኛም ከኢጣልያንኛም ሊመጣ ይችላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ማስፈር እንጂ አንዱን በግድ መምረጥ የለበትም።

2. የስፖርት መኪና ስሞች ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ይላሉ

የጥንቱ የስፖርት መኪና ዓለም ቋንቋ በከፊል ኢጣልያንኛ ነው። በዚህም ምክንያት የአዲስ አበባ መካኒክ፣ ሳያውቀው፣ የብዙዎቹን ታላላቅ መኪናዎች ስም ትርጉም በእጁ ይዟል። ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ለውድድር ያወጣው መኪና «ቴስታ ሮሳ»፣ ማለትም «ቀይ ራስ» የተባለው የሞተሩ ራስ መሸፈኛዎች ቀይ ስለ ተቀቡ ነው። መካኒካችን የሲሊንደሩን ክዳን «ቴስታታ» ይለዋል፤ በሰፈር ጠብ ደግሞ ሰው በግንባሩ ሲመታ «በቴስታ መታው» ይባላል። ስለዚህ «ቴስታ ሮሳ» ለእርሱ ባዶ ድምፅ አይደለም።

«ፍሬቻ»ም እንዲሁ ነው። ቃሉ በኢጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ከመስፋፋቱ በፊት፣ መኪና መታጠፏን የምታሳየው ከጎኗ በሚወጣ ቀስት መሳይ ትንሽ ክንድ ነበር፤ መሣሪያው ተለውጦ ስሙ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን የብር ቀለም የውድድር መኪናዎች «የብር ቀስቶች» ሲባሉ፣ ኢጣልያውያን የጠሯቸው «ፍሬቼ ዳርጄንቶ» ብለው ነው። ከጦርነቱ በኋላ አልፋ ሮሜዮ አንዱን መኪናውን «የወርቅ ቀስት» ሲል ሰየመ። «ፒስታ» ደግሞ በኢጣልያንኛ የመወዳደሪያ ሜዳ ጭምር ሲሆን፣ እኛ ዘንድ አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ሆኗል፤ ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ወጥመድ ነው።

አውሮጳውያን ራሳቸው እነዚህን ቃላት ከምንም ተነሥተው አልፈጠሩም። የመኪና አካል ስያሜዎቻቸው በአብዛኛው ከፈረስ ሠረገላ የተወረሱ ናቸው። «ኩፔ» ተቆርጦ ያጠረ ሠረገላ ነበር፤ «በርሊና» ከበርሊን ከተማ ስም የተገኘ ነው፤ «ካብሪዮሌ» እንደ ፍየል የሚዘል ቀላል ሠረገላ ነበር፤ «ስፓይደር»ም የቀላል ሠረገላ ስም ነበር። በእንግሊዝኛ «ዳሽቦርድ» ፈረሱ የሚረጨውን ጭቃ የሚከላከል ሳንቃ ነበር። የሠለጠኑ የምንላቸው ቋንቋዎችም ያላቸውን ነባር ቃል ለአዲሱ ነገር አለበሱት እንጂ ለእያንዳንዱ ብሎን ኮሚቴ አላቋቋሙም።

አማርኛም ይህንኑ ያደረገበት ስፍራ አለ፤ እርሱም ግሡ ነው። የአካል ክፍሎች ስም በብዛት የባዕድ ሲሆን፣ ድርጊቱ ከሞላ ጎደል የራሳችን ነው። «መንዳት» ከከብት፣ «ማሽከርከር» ከመንኮራኩር፣ «ማስነሣት» ከተኛ ሰው መጡ። የተዋሰው ስምም የሚንቀሳቀሰው በአማርኛ ግሥ ነው፤ ፍሬን ይያዛል፣ ማርሽ ይገባል፣ ፍሬቻ ይታያል። ይህ ለተርጓሚው ታላቅ ትምህርት ነው። የስፖርት መኪና ወዳጅ የሚጽፈው አስተያየት ሕይወቱ ያለው በስሞቹ ሳይሆን በግሦቹ ነውና። ለምሳሌ ፖርሽ 911ን በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያቆም ወዳጆቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ክርክራቸው መኪናዋ ምን ያህል ፈጠነች በሚል ብቻ አልነበረም፤ ድምፅዋና ጠባይዋ ተለወጠ በሚል ጭምር ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲተረጎም «መሪው ግብረ መልስ ይሰጣል» ቢባል የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል፤ «መሪው መንገዱን ለእጅ ይነግራል»፣ «ጎማዋ መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል» ቢባል ግን ሾፌር ሁሉ ይረዳዋል።

የጾታው ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። አማርኛ ተናጋሪ ሹፌር መኪናውን በአንስታይ ይጠራል፤ «ጉልበት አላት»፣ «ነዳጅ ትበላለች» ይላል። በኢጣልያም «አውቶሞቢል» ተባዕት ነው አንስት የሚል ክርክር ነበር። ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ እ.ኤ.አ. በ1920 ከፊያት መሥራቾች አንዱ ለነበሩት ለጆቫኒ አኜሊ በጻፈው ደብዳቤ አንስት ናት ሲል ፈረደ፤ ቋንቋውም በዚያው ጸና። የእኛ ሹፌሮች ያለ ባለቅኔ ዳኝነት ከዚያው ደርሰዋል።

3. አሮጌ፣ ነባር፣ ቅርስ

በእርግጥ ቃል የሚያስፈልገን «ክላሲክ መኪና» ለሚባለው ነው። ቋንቋዎች በዚህ አይስማሙም። ኢጣልያንኛ «የዘመኗ መኪና» ይላል፤ ጀርመንኛ ከእንግሊዝኛ ቃላት ገጣጥሞ «ኦልድታይመር» ይላል፤ እንግሊዞች ደግሞ ከ1919 በፊት የተሠራውን፣ ከ1919 እስከ 1930 የተሠራውንና ከዚያ በኋላ ያለውን በተለያዩ ስሞች ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊቫ፣ የሚሰጠው ትርጓሜ ሦስት መመዘኛዎችን ያጣምራል፤ ተሽከርካሪው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በታሪካዊ ይዞታው የተጠበቀ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል መሆን አለበት።

«አሮጌ» ብንል የገበያ ቃል ስለ ሆነ ዋጋን ዝቅ ያደርጋል። «ያገለገለ» ሌላ ነገር ነው። «ጥንታዊ» አንባቢውን ወደ አክሱም ይወስደዋል። ኢጣልያንኛውን ተከትለን «የዘመን መኪና» ብንል ሰሚው «ዘመናዊ» ብሎ ተቃራኒውን ይረዳል። ስለዚህ ለፊቫው ትርጓሜ «የቅርስ መኪና» የተሻለ ሆኖ ይታየናል፤ ቅርስ የቆየ ብቻ ሳይሆን የተጠበቀ፣ ለተተኪ የሚተላለፍም ነውና። ዕድሜዋ ረዝሞ ገና በሥራ ላይ ላለች መኪና «ነባር» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል። በአዲስ አበባ ጎዳና ባለቤቷን ሥራ የምታደርሰው ቮልስ ነባር ናት፤ ቤት ተቀምጣ ለበዓል የምትወጣው ግን ቅርስ ናት። በነገራችን ላይ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1948 በስሙ የሠራው የመጀመሪያ የስፖርት መኪና፣ 356፣ ብዙ ክፍሎቹን የወሰደው ከዚችው ከቮልስ ነበር። «ክላሲክ» የሚለው ውሰት ደግሞ ለወዳጆች የውበት ፍርድ ይቆይ፤ ያ ዕድሜ ሳይሆን ማዕረግ ነው።

4. ዕቃው ሲያልፍ ቃሉ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። የዚህ ውሳኔ ኢኮኖሚያዊ ገጽታ የሌሎች ባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ የቃላት ገጽታው ግን የእኛ ነው። በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ኮፈንና ታርጋ አላት። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቡራተርና ቴስታታ ግን የላትም፤ ሹፌሩም እንደ ቀድሞው ማርሽ አይቀያይርባትም። ከትውልድ በኋላ እነዚህ ቃላት የሚኖሩት በነባርና በቅርስ መኪናዎች ዙሪያ ብቻ ይሆናል።

ጉዳቱ የጋራዥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ምሩፅ ይፍጠር «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን በድንገት ስለሚለውጥ ነው። ሕዝቡ ይህን ስም የሰጠው፣ ማርሽ ሲገባ ሞተር እንዴት ድምፁን ለውጦ ወደ ፊት እንደሚወረወር ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር ነው። ማርሽ የምትቀየርበት መኪና ሳያይ ያደገ ልጅ ግን ስሙን ይደግመዋል እንጂ አይሰማውም።

ስለዚህ አዲስ ስያሜ ከማውጣት በፊት ያለውን መሰብሰብ ይቀድማል። ሰብሳቢው ከመዝገብ ቤት ይልቅ ወደ ጋራዥ ይሂድ፤ ለእያንዳንዱ ቃል አነጋገሩን፣ ምንጩን፣ ዕቃው የሚሠራውን ሥራና አብሮት የሚሄደውን ግሥ ይመዝግብ፤ ወደ ተራ ንግግር ተሻግሮ ያገኘውን ፈሊጣዊ ፍቺም አይዝለል። ቃላቱን ከኢጣልያውያን አፍ በቀጥታ የተማሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ከእነርሱ የተማሩት ግን ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው። ሥራው ሊሠራ የሚችለው እነርሱ እያሉ ነው።