ከምንጭ እስከ ጠርሙስ፤ በውሃ ውስጥ ያለው ኦርጋኒክ ነገር የተመረመረበት ታሪክ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ውሃን የሚመረምር ሰው ግን ውሃው ከጥሩም ይቀዳ ከድፍርስ፣ ከተቀዳ በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደ ደረሰበት ማወቅ አለበት። የዚህ አጭር ጽሑፋችን ዓላማ የምርመራው እውነተኛነት መሣሪያው ሥራ ሳይጀምር፣ በናሙናው አያያዝ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከታሪክ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የተፈጥሮ ኦርጋኒክ ነገር የምንለው ቅጠል፣ ሥርና ሌላም ሕይወት የነበረው ነገር በስብሶ ወደ ውሃ የሚገባውን ነው። የረግረግን ውሃ ሻይ የሚያስመስለው ይኸው ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴልዩስ በአገራቸው ከሚገኘው ከፖርላ ምንጭ ውሃ እንዲህ ያሉትን ቡናማ አሲዶች ለይተው በ1833 ገልጸዋል።

ዓይነቱን መለየት አንድ ነገር ሲሆን መጠኑን መለካት ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር ዋንክሊንና ባልደረቦቻቸው በ1867 ውሃውን ከፐርማንጋኔት ጋር አፍልተው የሚወጣውን አሞኒያ መለካትን አቀረቡ። በ1868 ደግሞ ፍራንክላንድና አርምስትሮንግ ውሃውን አትንነው፣ የቀረውን ዝቃጭ አቃጥለው ካርቦኑንና ናይትሮጅኑን ለኩ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። ውሃ ሲተን ግን ተናኙ ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ከላቦራቶሪውም አየር አሞኒያ ሊገባበት ይችላል። እንግዲህ የሚለካው ነገር ገና በዝግጅቱ ላይ ሳለ ሊለወጥ ይችል ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ውሃ ከ1908 ጀምሮ በክሎሪን ይጸዳ ነበር፤ በክሎሪን የማጽዳት ልማድም ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ ሄደ። ኦርጋኒኩን ነገር ለመመርመር ብዙ ውሃ በከሰል ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግና፣ ከሰሉ የያዘው ነገር በክሎሮፎርም ታጥቦ ይወጣል፤ ከዚያም ክሎሮፎርሙ ተንኖ የቀረው ይመዘናል። የአገሪቱ የ1962 ደንብ በዚህ መንገድ ለሚገኘው ነገር በሊትር 0.2 ሚሊግራም ወሰን አድርጎለት ነበር። ነገር ግን ክሎሪን ከተፈጥሮ ኦርጋኒክ ነገር ጋር ሲገናኝ ራሱ ክሎሮፎርም ይፈጥራል። ዘዴው ይህን ፈጽሞ ሊያሳይ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የሚፈለገው ነገር ከማጠቢያው ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይተን ነበር።

በ1974 የሮተርዳም ውሃ ሥራ ኬሚስት የነበሩት ሩክ በተዘጋ ዕቃ ከውሃው በላይ ያለውን አየር መርምረው ክሎሮፎርሙን አገኙ። በዚያው ዓመት ቤላር፣ ሊክተንበርግና ክሮነር በአሜሪካ ይህንኑ አረጋገጡ። በ1979 የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ዓይነት ውሑዶች ድምር በሊትር 0.10 ሚሊግራም ወሰን አወጣ።

አሁን ያለው የናሙና ሥርዓት የዚህ ሁሉ ትምህርት ውጤት ነው። ክሎሪን በጠርሙስ ውስጥም ሥራውን ስለማያቆም፣ ለክሎሮፎርም ምርመራ የሚቀዳው ውሃ እንደ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለ ማርከሻ ይጨመርበታል፤ ክሎሮፎርሙ ወደ አየር እንዳያመልጥም ጠርሙሱ አየር ሳይቀርበት ይሞላል። ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ለመለካት የሚወሰደው ናሙና በንጹሕ ቡናማ ብርጭቆ ተይዞ በቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ተሕዋስያን እንዳይበሉትም ፒኤቹ ወደ 2 ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድ አሲድ ይጨመርበታል። የተሟሟው ብቻ የሚፈለግ እንደ ሆነ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጥለያ ይጠለላል፤ ማጥለያው ራሱ ካርቦን ስለሚለቅ አስቀድሞ መታጠብ አለበት። የብርሃን መምጠጡ የሚለካው ናሙና ግን አሲድ አይጨመርበትም፤ አሲዱ ቡናማውን ነገር ሊያዘቅጠው ይችላልና።

ክሎሪን ከታይፎይድና ከኮሌራ ብዙ ሕይወት ስላዳነ፣ ክሎሮፎርምን ፈርቶ እርሱን መተው ከባድ ስሕተት ይሆናል። መፍትሔው ክሎሪኑ ከመጨመሩ በፊት ኦርጋኒኩን ነገር መቀነስ ነው፤ መቀነሱንም የሚመሰክረው በትክክል የተያዘ ናሙና ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ስለ መሣሪያው ቁጥር ከመከራከራችን በፊት፣ «ይህ ውሃ መቼ፣ ከየትና በምን ዕቃ ተቀዳ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።