ጀማሪ መምህራንን ከአሳታፊ የድረ ገጽ መሣሪያዎች ጋር ማስተዋወቅ

መምህር ትምህርቱን ጨርሶ «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ «አዎ!» ብለው ሲመልሱ ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ፈተናው ሲታረም ግን ያ «አዎ» እውነት እንዳልነበረ ይታወቃል። ልምድ ያለው መምህር የተማሪዎቹን ፊት አይቶ ያልገባቸውን ይለያል። ጀማሪው ግን ይህን ዓይን ገና አላዳበረም። እጃቸውን የሚያወጡት ሦስት አራት ጎበዝ ተማሪዎች ሲመልሱለት ክፍሉ ሁሉ የተረዳ ይመስለዋል፤ ከኋላ ዝም ብሎ የተቀመጠው ልጅ ግን ሳይገባው ዓመቱ ያልፋል።

አሳታፊ የድረ ገጽ መሣሪያዎች በሚገባ ከተያዙ ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ። በዚህ ጽሑፍ ምንነታቸውን፣ ለጀማሪ የሚመቹትን፣ እንዴት ማስተዋወቅ እንደሚገባና ሊደረጉ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች እንመለከታለን። ጽሑፉ በመደበኛ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለሚያገለግሉ ይጠቅማል።

1. አሳታፊ የሚባለው ምንድን ነው?

አንድ ድረ ገጽ የሚነበብ ወይም የሚታይ ብቻ ከሆነ አሳታፊ አይባልም። አሳታፊ የሚሆነው ተማሪው አንድ ነገር ሲያደርግ፣ ማለትም ሲመርጥ፣ ሲጽፍ ወይም ሲያንቀሳቅስ፣ ገጹ ወዲያው መልስ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ ቪዲዮ በፕሮጀክተር ማሳየት ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን አሳታፊ ትምህርት አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዋርድ ከኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ማንኛውም አንባቢ ሊያርመው የሚችለውን የመጀመሪያውን ዊኪ ለሕዝብ አቀረበ፤ ዊኪፔዲያም በዚሁ መንገድ በ2001 ተጀመረ። በ2002 ሙድል የተባለው ነፃ የማስተማሪያ ሥርዓት የመጀመሪያ ሙሉ እትም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሣሪያዎች ተፈጥረዋል፤ ለጀማሪ ግን ብዛታቸው ራሱ ማደናገሪያ ነው። ስለዚህ ከጥቂቶቹ መጀመር ይበጃል።

2. ለጀማሪ የሚመቹ አራት መሣሪያዎች

ሀ. የቴሌግራም ኩዊዝ። ብዙ መምህራንና ወላጆች ቴሌግራምን አስቀድመው ስለሚያውቁት አዲስ ነገር መማር አያስፈልግም። ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው የኩዊዝ ጥያቄ ማዘጋጀት ይቻላል። ተማሪው እንደመረጠ ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው ያያል፤ መምህሩም አጭር ማብራሪያ ሊያክልበት ይችላል። ስም እንዳይታይ ተደርጎ ከተዘጋጀ መምህሩ የሚያየው ድምር ውጤቱን ብቻ ስለሆነ ዓይን አፋር ተማሪ ሳይሸማቀቅ ይመልሳል።

ለ. የጉግል ፎርም። ጥያቄዎችን በአማርኛ ጽፎ አድራሻውን ለተማሪዎች መላክ ይቻላል። የምርጫ ጥያቄዎችን ራሱ ያርማል፤ ውጤቱንም በሥዕላዊ መግለጫ ያሳያል። ትልቁ ጥቅሙ የትኛው ጥያቄ ብዙዎችን እንዳሳሳተ በአንድ እይታ ማሳየቱ ነው።

ሐ. ፕሊከርስ። እያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ምልክት የታተመበት ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱን በአንዱ ጎን ሲያቆም አንዱን ምርጫ፣ በሌላው ጎን ሲያቆም ሌላውን ምርጫ መመለሱ ነው። መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የሁሉም መልስ ይመዘገባል። ስልክ የሚያስፈልገው መምህሩን ብቻ ስለሆነ ተማሪዎች ስልክ ይዘው በማይገቡበት ትምህርት ቤት በጣም ይጠቅማል።

መ. ፌት። የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆኑት ካርል ዋይማን በ2002 በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ነው። የሳይንስና የሒሳብ ሙከራዎችን በኮምፒውተር ላይ ያሳያል። ለምሳሌ ተማሪው ባትሪን፣ ሽቦንና አምፖልን አገናኝቶ መብራቱን ያያል፤ በስህተት ካገናኘ ባትሪው በሥዕል ሲቀጣጠል ይመለከታል፤ የሚጠፋ ገንዘብም የሚጎዳ ልጅም የለም። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ስጦታ ነው። ብዙዎቹ ሙከራዎች አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ከእነዚህ ሌላ በ2013 ለሕዝብ የቀረበው የኖርዌዩ ካሁት በፉክክሩና በሙዚቃው ልጆችን በጣም ይማርካል። ነገር ግን ፍጥነት ነጥብ ስለሚያስገኝ ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለክለሳ እንጂ አዲስ ትምህርት ለማስተዋወቅ አይመከርም።

3. ዋናው ነገር ጥያቄው ነው

ብዙ ጀማሪዎች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት መሣሪያውን በማሳመር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ደካማ ጥያቄ በየትኛውም መሣሪያ ቢቀርብ ያው ደካማ ጥያቄ ነው። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚታወቀው በተሳሳቱት አማራጮቹ ነው፤ እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ ተማሪዎች በእውነት የሚሠሩትን ስህተት መያዝ አለበት።

ምሳሌ እንውሰድ። «1/2 + 1/3 ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ 5/6፣ 2/5 እና 1/6 አማራጮች ይሁኑ። 2/5 የመረጠ ተማሪ የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምሯል። 1/6 የመረጠው ደግሞ አባዝቷል። የክፍሉ ግማሽ 2/5 ከመረጠ መምህሩ ነገ ምን እንደሚያስተምር ዛሬ አወቀ ማለት ነው። በአማራጮቹ ውስጥ እንዲሁ 7 እና 100 ቢጨመሩ ግን ምንም አይነግሩትም።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፉት ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳናል። ተማሪዎች መጀመሪያ ለየብቻቸው ይመልሳሉ። መልሱ ሳይነገራቸው ከጎናቸው ካለው ጋር ይወያያሉ፤ ከዚያም እንደገና ይመልሳሉ። ትምህርቱ ይበልጥ የሚሠራው በመካከል ባለው ውይይት ነው፤ መሣሪያው የሚያገለግለው ከውይይቱ በፊትና በኋላ የነበረውን ልዩነት ለማሳየት ነው።

4. ጀማሪውን እንዴት እናስተዋውቅ?

ልምድ ያላችሁ መምህራን አዲስ ባልደረባችሁን ስትረዱ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ተጠቀሙ።

አንደኛ፣ ስለ መሣሪያው ንግግር ከማድረጋችሁ በፊት እርሱን ወይም እርሷን እንደ ተማሪ አስቀምጣችሁ ጥያቄ አስመልሱ። ተሳስቶ መልስ ማግኘት ምን እንደሚመስል የቀመሰ ሰው ጥቅሙን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጡ። በአንድ ቀን አሥር መሣሪያ የተዋወቀ መምህር በማግስቱ አንዱንም አይጠቀምም።

ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሚያስተምረው ትምህርት ሦስት ጥያቄዎች ብቻ እንዲያዘጋጅ አድርጉ። ከክፍል በፊትም ከባልደረቦቹ ጋር ይሞክረው።

አራተኛ፣ በክፍል ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ይጠቀምበት፤ የሚቻል ከሆነ አብራችሁት ግቡ።

አምስተኛ፣ ከክፍል በኋላ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ውጤቱን ተመልከቱ። «መሣሪያው ሠራ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ተማሪዎቹ ምን አልገባቸውም? ነገ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ጀማሪዎች በግልጽ የማይናገሩት ፍርሃት አለ፤ «ተማሪዎቼ ከእኔ ይልቅ ስልክ ያውቃሉ፤ ብሳሳት ይስቁብኛል» የሚል ነው። ለዚህ የሚበጀው አለማወቅን መደበቅ ሳይሆን ከመጀመሪያው በግልጽ መናገርና አንድ ተማሪ እንዲያግዝ ማድረግ ነው። መምህር የሚከበረው ትምህርቱን በማወቁና ተማሪዎቹን በመውደዱ እንጂ ቁልፍ በመጫን ፍጥነቱ አይደለም።

5. ጥንቃቄዎች

• ስልክ የሌለውን ልጅ አስቡ። ሁሉም ስልክ ወይም የዳታ ገንዘብ የለውም። አራት አምስት ተማሪዎች በአንድ ስልክ ተወያይተው ይመልሱ፤ በኢንተርኔት ብቻ ለሚሠራ ሥራ ማርክ አትስጡ።

• የልጆችን ስምና ፎቶ ጠብቁ። ውጤትን ከነስም በቡድን ገጽ ላይ መለጠፍ ደካማውን ተማሪ ማዋረድ ነው። ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ፎቶ ሳያስፈልግ አትሰብስቡ፤ ካስፈለገም ወላጅን አስፈቅዱ። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን በቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። በቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ስልክ ቁጥር ለማንም እንዳይታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ ለተማሪዎች አሳዩ።

• ሁልጊዜ የወረቀት ምትክ ይኑራችሁ። መብራት ይጠፋል፤ ኔትዎርክ ይቋረጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት ተገድበው ነበር። አራት ቀለም ያላቸው ወረቀቶች ለእያንዳንዱ ተማሪ ከታደሉ ያው ጥያቄ ያለ ኢንተርኔት ይጠየቃል።

• ጥያቄዎቻችሁን በራሳችሁ ደብተር ወይም ፋይል አስቀምጡ። መሣሪያዎች ይዘጋሉ። በአዶቤ ፍላሽ የተሠሩ ብዙ የትምህርት ጨዋታዎች ድጋፉ በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ሲቋረጥ ከጥቅም ውጭ ሆኑ፤ የጉግል ጃምቦርድም በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል። ጥሩ ጥያቄ ግን ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ዕድሜ አለው።

ማጠቃለያ

እነዚህ መሣሪያዎች የመምህሩን ቦታ አይወስዱም። ዝም ያለውን ልጅ እንዲናገር፣ መምህሩም እንዲሰማው ዕድል ይሰጣሉ። ስለዚህ ጀማሪ መምህር በአጠገባችሁ ካለ በዚህ ሳምንት አንድ መሣሪያና ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። በሚቀጥለው ጊዜ «ገባችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ እውነቱን የሚያወጣ ጥያቄ ይዞ ወደ ክፍል ይገባል።