ከባልጩት እስከ ጋዝ ግሪል፦ የብልጭታ ታሪክ

ክብሪት በየገበያው ከመዳረሱ በፊት በአገራችን እሳት የጎረቤት በረከት ነበረ፤ ማታ በአመድ የተዳፈነው ፍም ሌሊቱን ከስሞ ያደረ እንደ ሆነ፣ የቤቱ እመቤት ልጇን ገል አስይዛ እሳት እንዲጭር ጭስ ወደሚታይበት ቤት ትሰደው ነበር። በባሕር ማዶ ያለው ሰው ደግሞ፣ ብረቱን በባልጩት እየመታ ብልጭታውን ከስሎ በደረቀ ጨርቅ ላይ ሲቀበል፣ ማንም ሳይጽፍለት በልምድ የተማረው ሕግ ነበረው፤ ይኸውም ብልጭታው ከመቀበያው እንዳይርቅ፣ መቀበያውንም እርጥበትና እድፍ እንዳይነካው መጠበቅ ነው። ይህን ሕግ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ጥበቡ እጅግ ሲረቅ ሕጉ ግን ከቶ አልተሻረምና።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1823 ዮሐን ዶበራይነር የተባለው የየና ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ከዚንክና ከአሲድ የተገኘውን ሃይድሮጅን እንደ ስፖንጅ በሳሳ ፕላቲኒየም ላይ ቢያነፍሰው ጋዙ ያለ ብልጭታ ነደደ፤ ከዚህም የተሠራው ማኅቶት በብዙ ቤት ገባ። በ1827 ጆን ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ በስቶክተን ከተማ ተጭሮ የሚነድ ክብሪት ይሸጥ ጀመር። በ1903 ደግሞ ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ሴሪየምን ከብረት ጋር አዋሕዶ፣ ዛሬ የላይተር ድንጋይ የምንለውን አስገኘ።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚመስጠው ግን በ1880 በፓሪስ የሆነው ነው። ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ፣ ታናሹ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የክሪስታልን ቅርጽና ባሕርይ ሲመረምሩ፣ ኳርትዝና ቱርማሊን በተጫኑ ጊዜ በገጻቸው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚገለጥ አስመሰከሩ። ድምፅ በሌለው ድንጋይ ውስጥ እንዲህ ያለ ኃይል ተሰውሮ መኖሩ የፍጥረትን ጥልቀት የሚያሳይ ነው፤ ሆኖም ግኝቱ ለብዙ ዘመን ከቤተ ሙከራ አልወጣም ነበር፤ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ፖል ላንዥቬን በባሕር ውስጥ የተሰወሩትን መርከቦች ለመፈለግ ተጠቀመበት፤ ከ2ኛው ጦርነት በኋላም ሊቃውንት ከተፈጥሮው ክሪስታል የበረታ ልዩ ሸክላ ስለ ሠሩ፣ የኩሪዎቹ ምሥጢር ወደ ማዕድ ቤት ለመግባት በቃ።

በአሜሪካ በየጓሮው የተስፋፋው፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በበጋ ሥጋ የሚጠብሱበት የጋዝ ግሪል ይህን ጥበብ በአንዲት ቁልፍ ሥር ሸሸገው። ቁልፉ ሲጫን በውስጡ ያለው ሞላ መዶሻውን ያስፈነጥራል፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ መዶሻው ሸክላውን ሲመታ የሚሰማ ነው፤ ከምቱ የሚወለደው ብዙ ሺህ ቮልት በሽቦ ሄዶ፣ ነጭ ሸክላ ከለበሰው ኤሌክትሮድ ጫፍ ወደ በርነሩ ይዘላል። አየርን ጥሶ ለማለፍ ብልጭታው ለ1 ሚሊ ሜትር 3000 ቮልት ያህል ስለሚያስፈልገው፣ ክፍተቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይደረጋል።

እንግዲህ ያረጀ ግሪል አልነሣ ሲል ባለቤቱ ቁልፉን ደጋግሞ እየተጫነ ይቈጣል፤ በመጨረሻም ዕቃውን ይጥላል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሽቦውና በኤሌክትሮዱ ላይ ነውና። አስቀድሞ የዎከር ክብሪት ይፍረድ፤ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ረዥም ክብሪት በርነሩ አጠገብ ተይዞ ጋዙ በዝግታ ሲለቀቅ ከነደደ፣ የጎደለው ብልጭታው ነው። ያን ጊዜ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘግቶ፣ ግሪሉ ከቀዘቀዘና የቀረው ጋዝ ከበነነ በኋላ፣ በምሽት ድንግዝግዝ ቁልፉን እየተጫኑ መመልከት ይገባል፤ ሸክላው ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ብልጭታው ከጫፉ ሳይደርስ በስንጥቁ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ በዓይን ይታያል። ጫፉ ስብና ዝገት ለብሶ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ የላላው ሽቦ ይጠብቃል፤ ክፍተቱ ይለካል፤ በባትሪ የሚሠራ ዓይነት ከሆነም ባትሪው ይለወጣል።

ክብሪቱም ካላስነሣው ምርመራው ወደ ጋዙ መንገድ ይዞራል፤ በተለይ ሳይነካ በከረመ ግሪል ላይ ወደ በርነሩ የሚገባው ቱቦ መፈተሽ አለበት፤ ሸረሪት በዚያ ውስጥ ማድራት ትወዳለችና። ድሩ መንገዱን ሲዘጋ ጋዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ከቱቦው ውጭ፣ ከመቈጣጠሪያዎቹ ሥር ሊነድ ስለሚችል፣ በርነሩን አውጥቶ ቱቦውን በቀጭን ብሩሽ ሳይጠርጉ ደግሞ ለማቀጣጠል መሞከር አደገኛ ነው።