የተሰበረ ካንዴላ አወጣጥ

ካንዴላ በቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን የአየርና የነዳጅ ድብልቅ በብልጭታ የሚያቀጣጥል ዕቃ ነው። ከአዋሽ በሰመራ አድርገው ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች በናፍጣ ስለሚሠሩ ይህ ችግር አያገኛቸውም፤ የሚያገኘው የቤንዚን አውቶሞቢሎችንና ባጃጆችን ነው።

ካንዴላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ዝጎ ወይም በጥላሸት ተይዞ ሳለ በኃይል ሲፈታ ነው። ጥርሱ ቴስታታው ውስጥ ከቀረ መጀመሪያ ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ የጋለ አሉሚኒየም ጥርሱ በቀላሉ ይላጣልና። በአፋር ቆላ ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ ዙሪያው በአየር ተነፍቶ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይንጠባጠብበታል። የሸክላው ቅሪት ከወጣ በኋላ ግራ ጥርስ ያለው ማውጫ በብረቱ ቀዳዳ ገብቶ ወደ ግራ ይዞራል። ሲሊንደር ውስጥ የወደቀ የሸክላ ስባሪ ግድግዳውን ስለሚቧጭር፣ ሳይለቀም ሞተሩ አይነሳም። ጥርሱ እምቢ ካለ ቴስታታውን ማውረድ ግድ ነው።