የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት

የማወጋችሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ስለሚኖሩ ባልና ሚስት ነው፤ አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም እንጀራ በየሱቁ የሚሸጥበት፣ እሑድ ማለዳ ነጠላ ያጣፉ እናቶች አውቶቡስ የሚጠብቁበት፣ የአገር ልጅ የበዛበት ስፍራ መሆኑን ያዙልኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ገመና ነውና።

እሱ ዋሽንግተን መሀል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ማታ ማታ ይሠራ ነበር፤ እሷ ደግሞ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የነርስ ረዳት ነበረች። አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ፣ በር ላይ እየተላለፉ ሁለት ልጆች አሳደጉ፤ ከዚያም ዕቁብ ደረሳቸውና እንደ ፈረንጆቹ በ2005 መከር ላይ ቤት እንግዛ ተባባሉ። ጊዜው የቤት ዋጋ በየወሩ የሚወጣበት፣ ያልገዛ ሰው የቀረበት የሚመስለው ጊዜ ነበር። ብድር የሚያገናኝ ሰው መጣ፤ የአገር ልጅ ነውና ቡና ተፈላለት፤ ከዚያም ወረቀቱን ዘረጋ። ብድሩ 280,000 ዶላር፣ ወለዱ 6.5 በመቶ፣ የወር ክፍያው 1,770 ዶላር ገደማ። እሱ ፈረመ፣ እሷም ፈረመች፣ ቁልፉን ተቀበሉና ካህን ጠርተው ቤቱን ጸበል አስረጩ።

እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ከመጀመሪያው ወር 1,770 ዶላር ውስጥ 1,517ቱ የወለድ ነው፤ ከዕዳው የተቀነሰው 253 ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያሳልፉ ከፈሉ፣ ከ42,000 ዶላር በላይ ከእጃቸው ወጣ፣ ከዋናው ዕዳ የተነሳው ግን 6,500 አይሞላም። የቤት ግብሩና ኢንሹራንሱም በወር ክፍያው ውስጥ አልነበሩም፤ ግብሩ ለብቻው ሲመጣባቸው በክሬዲት ካርድ ከፈሉት። ከዚያም ሁለቱ ዓመት አለቀ። ያ 6.5 የሚባለው ወለድ ለሁለት ዓመት ብቻ የተሰጠ ኖሯል፤ ለቀሪው 28 ዓመት ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነው፤ በ2007 መከር ወደ 9.5 በመቶ ወጣና ክፍያው 2,330 ገባ። «ያኔ ሪፋይናንስ ታደርጋላችሁ፣ በአዲስ ብድር ትቀይሩታላችሁ» ተብለው ነበር፤ ግን የቤቱ ዋጋ ከዕዳው በታች ወርዶ ስለነበር አዲስ ብድር የሚሰጣቸው አልተገኘም። ሞኞች ነበሩ የሚል ካለ አልስማማም፤ እንዲህ ያለ ውል የፈረመው በዚያች አገር እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው፣ የተማረውም ጭምር።

እሱ ሁለተኛ ሥራ ያዘ፣ እሷም ቅዳሜና እሑድን ጨመረች። ከዚያ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣና የማቆሚያው ሥራ ቀዘቀዘ፣ ሰዓቱም ተቆረጠበት፤ ወለዱ በየስድስት ወሩ ጥቂት ዝቅ ቢልም አልደረሱበትም፤ በ2009 ጸደይ ክፍያው ቆመ። ሂሳቡን የሚይዘው እሱ ነበርና ለሚስቱ አልነገራትም። ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ሳይከፍታቸው በጫማ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጣቸው ጀመር። እኔ እሱን አልፈርድበትም፤ ቤቱን ጎረቤቱና ዘመዱ ሁሉ መጥቶ መርቆለታል፣ አሁን ለማን ይንገር?

የዕድራቸው ሰብሳቢ የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ ገብተው፣ የፖስታ ሠራተኛው በሚመጣበት ሰዓት ሰውየው ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሲቆም፣ ከዚያም ጫማውን በቅጡ ሳያደርግ ወደ ደጅ ሲሮጥ አዩት። ሲመለስ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «አንተ ልጄ፣ ማንን ነው የምትቀድመው? ሚስትህን ነው?» አሉት። ዝም አለ፤ ከዚያም ሄደና ካርቶኑን አምጥቶ ጭናቸው ላይ አኖረው። ሚስቱ ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ካርቶኑ ውስጥ በራፋቸው ላይ ተጣብቆ ያገኘው ወረቀትም ነበር፤ 3,000 ዶላር አስቀድሞ ለከፈለ ቤቱን ከሐራጅ እናድናለን የሚል፤ እሱም ገንዘቡን ሊበደር ተነጋግሮ ነበር። እናቲቱ ወረቀቱን አጠፉና «አስቀድሞ ብር የሚል ሰው ደጅ እንዳትደርስ» አሉት። ልክ ነበሩ፤ የፌዴራሉ መንግሥት የፈቀደላቸው የቤት አማካሪዎች ቤቱ ሊወሰድበት ለደረሰ ሰው በነፃ ነው የሚሠሩት፤ ቤት እናድናለን ብሎ አስቀድሞ ማስከፈልም በ2011 መጀመሪያ ላይ በፌዴራል ደንብ ተከለከለ።

ከእነዚሁ አማካሪዎች ከአንዷ ጋር ቀጠሮ ተያዘ። ይሁንና ወሩ የካቲት 2010 ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወረደው በረዶ መኪናዎችን ውጦ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ፤ ሲከፈቱም አውቶቡሱ ገና አልተስተካከለምና ባልና ሚስቱ በጆርጂያ አቬኑ በእግራቸው ሄዱ፤ እሱ ካርቶኑን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ እሷም እጅጌውን ይዛ፣ የእግረኛው መንገድ ስላልተጠረገ አንዱ በረገጠበት ሌላው እየረገጠ።

አማካሪዋ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ቀደደች፤ በየቀናቸውም ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ከዚያም ጣቷን በሰኔ ወር የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ላይ አሳረፈች። አበዳሪው ራሱ «ክፍያችሁ እንዲቀነስ አመልክቱ» ብሎ የጻፈው ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው።

ደብዳቤው አመልክቱ ያለው በ2009 መንግሥት ላወጣው ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙም፣ ላሟላ ሰው፣ ግብርና ኢንሹራንስ ተጨምሮ የወር ክፍያው ታክስ ሳይቀነስ ከሚገባው ደመወዝ 31 በመቶ እንዲሆን ያደርግ ነበር። የሁለቱ የወር ገቢ 5,500 ዶላር ነበርና 1,705 ማለት ነው። ከዚያም የደመወዝ ወረቀት፣ የግብር ማስታወቂያ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ለምን እንደተቸገሩ የሚያስረዳ ደብዳቤ ተላከ፤ ጠፋ ተባለና እንደገና ተላከ፣ አሁንም ጠፋ ተባለና ተላከ። እሷ ግን በአማካሪዋ ምክር ደብተር ገዝታ ነበር፤ የደወለችበትን ቀንና ያነጋገራትን ሰው ስም ትጽፋለች፣ የላከችውን ሁሉ ኮፒ ታስቀራለች። በመጨረሻ ለሦስት ወር ሙከራ ተፈቀደላቸውና አንድ ቀን ሳያሳልፉ ከፈሉ፤ ከዚያም አዲሱ ውል መጣ።

ውዝፉ ሲደመርበት ዕዳው 285,000 ዶላር ሆኗል፣ ሲገዙ ከነበረው በላይ። ወለዱ 2.5 በመቶ ነው። ሰውየው ደስ ብሎት እስክሪብቶ አነሳ፤ ሚስቱ ግን እጁን ያዘችና አማካሪዋን «ይህ እስከ መቼ ነው?» አለቻት። ለአምስት ዓመት። «በስድስተኛውስ?» 3.5። «በሰባተኛውስ?» 4.5። በስምንተኛው 5 በመቶ ደርሶ እዚያው ይቆማል፣ ብድሩ እስኪያልቅ። ሚስትየው «በዶላር ንገሪኝ» አለች፣ አማካሪዋም ማስያውን አውጥታ የየዓመቱን ክፍያ ጻፈችላት፤ እሷም ወደ ደብተሯ ገለበጠችው፣ ከባሏ ጋር ቁጭ ብለው ከደመወዛቸው ጋር አስተያዩት፣ ከዚያም ፈረሙ።