የወጣቶች ኮንሰርቶች (ኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ)

የወጣቶች ኮንሰርቶች የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ለልጆችና አብረዋቸው ለሚመጡ ወላጆች የሚያቀርባቸው የክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅቶች ናቸው። በይበልጥ የታወቁት ሌናርድ በርንስታይን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1972 በመራቸውና በቴሌቪዥን በተላለፉት 53 ዝግጅቶች ነው።

ታሪክ

ኦርኬስትራው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። በ1924 ፒያኖ ተጫዋቹ ኧርነስት ሼሊንግ የወጣቶች ኮንሰርቶችን መምራት ጀመረ። ሼሊንግ በመጋረጃ ላይ ሥዕሎችን እያሳየ ያስረዳ ነበር፤ ልጆቹም ለጥያቄዎች መልስ የሚጽፉበት ደብተር ይሰጣቸው ነበር።

በርንስታይን የመጀመሪያውን ዝግጅት ያቀረበው ጥር 10 ቀን 1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 18 ቀን 1958) በካርኔጊ ሆል ሲሆን፣ ያስተላለፈው የሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ዝግጅቱ ወደ ሊንከን ሴንተር ተዛወረ።

አቀራረብ

እያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። በርንስታይን ጽሑፉን ራሱ አዘጋጅቶ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይናገራል፣ በፒያኖ ምሳሌ ይሰጣል፣ ከዚያም ኦርኬስትራው ይጫወታል።

የመጀመሪያው ዝግጅት ርዕስ «ሙዚቃ ምን ማለት ነው?» የሚል ነበር። የተከፈተውም በሮሲኒ «ዊልያም ቴል» ኦፔራ መግቢያ ሙዚቃ ነው። በርንስታይን የ5 ዓመት ልጁ ጄሚ ይህን ሙዚቃ ስትሰማ የ«ሎን ሬንጀር» ዜማ ነው እንዳለችው ለተመልካቹ ተናገረ። «ሎን ሬንጀር» በዚያ ዜማ የሚጀምር የከብት እረኞች ዘመን ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ነበር። ሮሲኒ ግን ስለዚያ ታሪክ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ኦርኬስትራው ከሪቻርድ ስትራውስ «ዶን ኪሆቴ» የተወሰደ ክፍል ሲጫወት፣ በርንስታይን መጀመሪያ ስለ ሱፐርማን ራሱ የፈጠረውን ታሪክ፣ ኋላ ትክክለኛውን ታሪክ ነገረ። ሙዚቃው ለሁለቱም ተስማማ። መልእክቱ የሙዚቃ ትርጉም ያለው በድምፆቹ አካሄድ እንጂ ከውጭ በሚጨመር ታሪክ አይደለም የሚል ነበር።

ይህ አካሄድ ልጁን ይዞ ለሚመጣ ወላጅም ያገለግላል። ኖታ የማያነብ አባት ወይም እናት፣ የሥራውን ታሪክ አስቀድሞ ሳያጠና፣ ከልጁ ጋር እኩል ማድመጥ ይችላል። በርንስታይን ልጆቹ በቤታቸው የሚሰሙትን ሙዚቃም ይጠቀም ነበር፤ ለምሳሌ የሶናታን ቅርጽ ሲያስረዳ የቢትልስን ዘፈን አንሥቷል።

ወጣት ተጫዋቾች

አንዳንዶቹ ዝግጅቶች ወጣት ባለሙያዎችን ያስተዋውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 1963 የ16 ዓመቱ ፒያኖ ተጫዋች አንድሬ ዋትስ የሊስትን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቼርቶ ተጫውቶ በመላ አገሪቱ ታወቀ።

ከበርንስታይን በኋላ

ኦርኬስትራው እስከ ዛሬ የወጣቶች ኮንሰርቶችን ያቀርባል። ጄሚ በርንስታይንም ካደገች በኋላ ለልጆችና ለቤተሰብ የሚሆኑ የኦርኬስትራ ኮንሰርቶችን በጽሑፍ ማዘጋጀትና መድረክ ላይ ማቅረብ ሥራዋ አድርጋለች።